የማይዋሱት እርሾ

ባለፈው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። የምኖርበት ኮንዶሚኒየም መግቢያ በር ላይ፣ «ክፍል ይከራያል» እና «ዲሽ እናስተካክላለን» ከሚሉት ወረቀቶች መሀል አንዲት አዲስ ወረቀት ተለጥፋ አየሁ። «በቤትዎ ጥግ እንጉዳይ ያምርቱ! ቦታ አይፈልግም! ልፋት የለውም! ያመረቱትን እኛው መጥተን እንረከብዎታለን!» ትላለች። አራት ዓረፍተ ነገር፣ አራት ቃለ አጋኖ።

የተማሪ ድርሰት ሲያርም ለኖረ ሰው ቃለ አጋኖ የበዛበት ጽሑፍ እንደ ጥርስ ሕመም ነው። እጄ ሳላዘው ወደ ኪሴ፣ ወደ ቀዩ እስክሪብቶ ሄደ። ከዚያ ደግሞ «አንተን ምን አገባህ?» አልኩና ፈገግ ብዬ አለፍኩ። ጎረቤቴ ግን ፈገግ ብለው አላለፉም። ስማቸውን እዚህ ማንሣት ስለማይገባኝ እትዬ እገሊት እንበላቸው።

እትዬ እገሊት ዕድሜያቸውን በመዝገብ ቤት ጨርሰው ጡረታ የወጡ፣ ሒሳብ የማይሳሳቱ፣ ሰው የማያስቀይሙ ሴት ናቸው። በዚያው ሰሞን እቁብ ደርሷቸው ነበር። ገንዘቡ ለመጨረሻ ልጃቸው የኮሌጅ ክፍያ የታሰበ ነው። ክፍያው የሚፈለገው መስከረም ላይ ነዋ! «ሁለት ወር ሙሉ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ትንሽ ልሥራበት» አሉና የአንድ ቀን ሥልጠና ወስደው፣ ዘር የተዘራባቸው 60 የጭድ ከረጢቶች ገዝተው መጡ። የገላ መታጠቢያ ክፍላቸው ውስጥ በጣውላ መደርደሪያ አሠሩ። ቤተሰቡ ገላውን በየዘመድ ቤት እየዞረ መታጠብ ጀመረ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ በሬን አንኳኩ። «መምህር፣ ይምጡና ይዩልኝ!»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያየሁት ነገር ውብ ነበር። በነጭ ላስቲክ የተጠቀጠቀው ጭድ በየቀዳዳው እቅፍ እቅፍ አድርጎ አውጥቷል። ጆሮ የመሰለ፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተነባበረ፣ ጠርዙ ግራጫ፣ ሥሩ ወተት። እትዬ እገሊት ከጄሪካን በቀዱት ውኃ በመርጫ ፍስስ ፍስስ ሲያደርጉበት ሕፃን የሚያጥቡ ይመስሉ ነበር። ያን ዕለት አንድ ፌስታል ሙሉ ይዤ ገባሁ። በዘይት፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ተጠበሰ። እኔና ባለቤቴ ድስቱን በእንጀራ ጠረግነው።

ችግሩ የጀመረው በማግሥቱ ነው። እንጉዳይ እንደ ጎመን ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ እየተቀነጠበ አይቆይም። በአንድ ጊዜ የተዘራ ከረጢት በአንድ ጊዜ ይደርሳል። ከእያንዳንዱ ከረጢት የመጀመሪያው ዙር ሩብ ኪሎ ያህል ቢሰጥ፣ 60 ከረጢት በሦስት በአራት ቀን ውስጥ 15 ኪሎ ያወርዳል። 15 ኪሎ እንጉዳይ በአንድ ኮንዶሚኒየም ኩሽና! «እኛው መጥተን እንረከብዎታለን» ያሉት ሰዎች ስልክ ተዘግቷል። ጊዜው ደግሞ ፍልሰታ የተፈታችበት ሳምንት ነው፤ አገሩ ሁሉ ወደ ዶሮና ወደ ቅቤ የዞረበት። የወረቀቷ ጸሐፊ የጾም ቀን መቁጠሪያ አያውቅም ነበር ማለት ነው። ወይም ያውቅ ነበር።

እትዬ እገሊት ባለ ሁለት ዘንቢል ሆነው ወደ አንድ ሱፐርማርኬት ሄዱ። የሆነውን እሳቸው እንደነገሩኝ ልንገራችሁ።

«የኔ ልጅ፣ ዛሬ ጠዋት የተቆረጠ ነው።»

«እማማ፣ አያለሁ፣ ቆንጆ ነው። ደረሰኝ አለዎት?»

«የለኝም።»

«በየሳምንቱ ሰኞና ሐሙስ ማምጣት ይችላሉ?»

«በየሳምንቱማ... ሁለተኛው ዙር ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው አሉኝ።»

«እንግዲያውስ እማማ፣ ለእኛ አይሆንም።»

ልጁ አልሰደባቸውም፣ አላንጓጠጣቸውም። ትክክል ነበር። ያ ነው ነገሩን የሚያሳዝነው። ሱፐርማርኬቱ የሚገዛው እንጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሰኞንና ሐሙስንም ይገዛል። እትዬ እገሊት ደግሞ የሚሸጡት ሰኞና ሐሙስ አልነበራቸውም።

የቀረውን ላሳጥረው። ግማሹ ለጎረቤት ታደለ፣ ሩቡ በፀሐይ ደረቀ፣ ሩቡ ተጣለ። በሁለተኛው ዙር ከ60ው ከረጢት ብዙዎቹ ላይ አረንጓዴ ሻጋታ ወጣ። በመስከረም ደግሞ ደረቅ ሳል ያዛቸው፤ ማታ ማታ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ሐኪሙ ጥሩ ሐኪም ነበርና «ቤት ውስጥ አዲስ የገባ ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀ። ነበር። ከረጢቶቹ ሲወጡ ሳሉም እየቀለለ ሄደ። የልጁ የኮሌጅ ክፍያ በብድር ተከፈለ።

ይህን ያየሁ ሰው፣ ያቺን ወረቀት እንደገና ሄጄ አነበብኳት። በዚህ ጊዜ ግን እንደ አላፊ አግዳሚ ሳይሆን እንደ ድርሰት ነው ያነበብኳት። እናም እንደ ድርሰት ስትነበብ ዋና ጉድለቷ ውሸት መናገሯ አይደለም። ጉድለቷ ባላጋራ የሌላት መሆኗ ነው። ዋና ገጸ ባሕሪ አለ፣ እርስዎ ነዎት። ፍጻሜ አለ፣ ገንዘብ ነው። መሀል ላይ ግን ምንም የለም። ግጭት የሌለበት ታሪክ ማንም ተማሪ ቢያመጣልኝ «ባላጋራው የት ሄደ?» ብዬ እመልስለት ነበር። እስቲ ወረቀቷ ያስቀረቻቸውን ባላጋራዎች እኛ እንጥራቸው።

አንደኛው ሻጋታ ነው። የኦይስተር እንጉዳይ የሚበቅልበት የጤፍ ጭድ፣ የስንዴ ገለባ፣ የቡና ገለፈት፣ ሰጋቱራ፣ ይህ ሁሉ ለእንጉዳዩ ብቻ የተዘረጋ ማዕድ አይደለም። አረንጓዴው ሻጋታም ይፈልገዋል። ስለዚህ ጭዱ ተቆራርጦ፣ ተዘፍዝፎ፣ ከ65 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቅ ውኃ ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት መቆየት አለበት። ከዚያ ውኃው ይንጠፈጠፋል፤ ጭዱ ሲጨበጥ ጠብ ጠብ ማለት እንጂ መፍሰስ የለበትም። ከቀዘቀዘ በኋላ ዘሩ ይቀላቀላል፣ በላስቲክ ይታሸጋል፣ ሞቅ ባለና ጨለም ባለ ቦታ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይቀመጣል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ነጩ ክር ጭዱን ሁሉ ይወርሰዋል። ቀድሞ ከወረሰ ያሸንፋል፤ ከቀደሙት አለቀለት። «ልፋት የለውም» የተባለው ይህ ነው።

ሁለተኛው ብናኙ ነው። ኦይስተር እንጉዳይ ሲጎለምስ ቆቡ ይዘረጋና በዓይን የማይታይ ዱቄት በብዛት ይረጫል። በትልልቅ የእንጉዳይ ቤቶች የሚሠሩ ሰዎች በዚህ ብናኝ ሳንባቸው እንደሚቆጣ ለረጅም ጊዜ የታወቀ ነው። መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ የቆቡ ጠርዝ ወደ ላይ ሳይገለበጥ መቁረጥ፣ አየር የሚገባበት ቦታ መምረጥ፣ ማስክ ማድረግ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው ከሚተኛበት ማራቅ። ነገር ግን «ቦታ አይፈልግም» የተባለ ሰው ከመኝታ ክፍሉ ሌላ የት ያራቀዋል? እንጉዳይ መሬት አይፈልግም፣ እውነት ነው። ቦታ ግን ይፈልጋል። መሬትና ቦታ አንድ አለመሆናቸውን ባለ ኮንዶሚኒየም ሁሉ ያውቃል።

ሦስተኛው ባላጋራ ራሱ ገበያው ነው። እሱን ከእትዬ እገሊት ጋር አይተነዋል።

ወረቀቷ አንድ ሌላም ነገር ትላለች፤ «ሥጋን ይተካል!» ሌላ ቃለ አጋኖ። እስቲ በቁጥር እንነጋገር። 100 ግራም ጥሬ ኦይስተር እንጉዳይ ውስጥ ያለው ፕሮቲን 3 ግራም ገደማ ነው። የቀረው 90 ግራም ያህሉ ውኃ ነው። 100 ግራም የተቀቀለ ምስር 9 ግራም ገደማ አለው። ሥጋ 20 ገደማ። ስለዚህ ሥጋን ሊተካ ቀርቶ ምስሯንም አይደርስባትም። እንጉዳይ የራሱ በጎነት አለው፤ ቫይታሚን ቢ አለው፣ ፖታስየም አለው፣ ቅባቱ ጥቂት ነው፣ ፀሐይ ከመታው ቫይታሚን ዲ ይሠራል። ከሁሉ በላይ በጥርስ መሀል ሲገባ ሥጋ ሥጋ ይላል፣ ለዚህም ነው «የጾም ጥብስ» ተብሎ በየምግብ ቤቱ የተወደደው። ምእመኑ በዓመት ከ180 ቀን በላይ በሚጾምበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። (የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ከ1969 እ.ኤ.አ. ወዲህ እንጉዳይን ከዕፅዋት ለይተው የራሱ መንግሥት ሰጥተውታል፤ በዘር ሐረጉም ከጎመን ይልቅ ለእንስሳት ይቀርባል ይላሉ። ይህን ሰምቶ «ያስገድፋል» የሚል እንዳይነሣ አደራ!)

«እንግዲያው ለምን ትደክማላችሁ፣ ከሱቅ ግዙ!» የሚል ወዳጅ አለኝ። ሙግቱ ቀላል አይደለም። የሱቁን እንጉዳይ ያመረተው ሰው ሥራዬ ብሎ የያዘው ነው፤ ቴርሞሜትር አለው፣ ክፍል አለው፣ ቢበላሽ የሚጠየቅ ስም አለው። እውነት ነው። ግን እስቲ የሱቁንም በቀይ እስክሪብቶ እንየው።

ፍሪጁ ውስጥ ያለው እንጉዳይ በሳህን ተደርድሮ፣ በላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ ተጠቅልሏል። ከላስቲኩ ሥር የውኃ ጠብታ አለ። እንጉዳይ ከተቆረጠ በኋላም ይተነፍሳል። ትንፋሹ መውጫ ሲያጣ ላብ ይሆናል፣ ላቡ ደግሞ ማሙለጭለጭ ያመጣል፣ ማሙለጭለጩ ሽታ። ከላይ ያለው ወረቀት የታሸገበትን ቀን ይነግረናል፤ የተቆረጠበትን ቀን ግን አይነግረንም። በሁለቱ መሀል መብራት ስንት ጊዜ ሄዶ እንደመጣም አይነግረንም። ደግ ፍሪጅ ውስጥ እንኳ ዕድሜው ሳምንት ቢሆን ነው። ዋጋውን አልጽፈውም፤ ይህ ጽሑፍ ታትሞ እስኪወጣ ይለወጣል። ብቻ ኪሎውን ከምስር ኪሎ ጋር አስተያዩትና የትኛውን ለቤተሰብ፣ የትኛውን ለእንግዳ እንደሚገዙ ራሳችሁ ፍረዱ።

የጣሳውስ? ፒዛ ላይ የምትበሉት አብዛኛው እሱ ነው፤ ቻይና በዓለም ላይ አንደኛ የእንጉዳይ አምራች ናት፣ እኛ ዘንድም በጣሳ ትደርሳለች። ጣሳው ላይ ሁለት ክብደት ተጽፏል፤ አንዱ ከነውኃው፣ አንዱ ውኃው ከተንጠፈጠፈ በኋላ። ትንሹን ቁጥር አንብቡ። የጨው ውኃው ሲደፋ ከከፈላችሁበት ወደ ግማሽ የሚጠጋው አብሮ ወደ መታጠቢያው ይሄዳል።

እንግዲህ የቤቱም የሱቁም ይህ ከሆነ ክርክሩ ራሱ በትክክል አልተጠየቀም ማለት ነው። «በቤት ይሻላል ወይስ ከሱቅ?» የሚለው ጥያቄ ሁለቱ ተቃራኒ እንደሆኑ ያስመስላል። እትዬ እገሊት በቤታቸው አመረቱ እንላለን። እስቲ ምኑን ነው ያመረቱት? ጭዱን ገዙ። ላስቲኩን ገዙ። ዘሩን ገዙ። ሥልጠናውን ገዙ። የእሳቸው የነበረው ውኃው፣ መታጠቢያ ቤቱና ሳንባቸው ብቻ ነው። ይህ የቤት ምርት አይደለም፤ አደጋው ወደ ቤት የገባ የሰው ንግድ ነው።

አንድ ቀን ቡና ላይ እሳቸው ራሳቸው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። «መምህር፣ እኔ 40 ዓመት እንጀራ ስጋግር እርሾ ገዝቼ አላውቅም። ሲያልቅብኝ ከጎረቤት እዋሳለሁ፣ ሲያልቅባቸው ያበድሩኛል፣ አበድራቸዋለሁ። ይሄ የእንጉዳይ እርሾ ለምንድነው የማይዋሰው?»

የመጽሐፍ ሰው ሆኜ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ከመጽሐፍ አግኝቼ አላውቅም። የኢትዮጵያ ሴት እኮ ለእንጉዳይ ዘመዶች እንግዳ አይደለችም። ሊጡ የሚቦካው፣ ጠላው የሚፈላው፣ ጠጁ የሚጥመው በእርሾ ነው፤ እርሾም የእንጉዳይ ታናሽ ዘመድ ነው። እንጀራዋ በሦስት በአራት ቀን ሲሻግት የምትዋጋው ሻጋታም የዚያው ቤተሰብ ነው። ማሰሮ ማጠን፣ ጋን ማጠብ፣ እርሾ መጠበቅ፣ የተበላሸን በሽታው መለየት፣ ይህ ሁሉ በእጇ ያለ ዕውቀት ነው። ታዲያ እንጉዳዩ ጋ ስትደርስ ለምን እንደ ጀማሪ ተቆጠረች?

መልሱ ግማሹ በድስት ውስጥ ነው። የእንጉዳይ ዘር የሚባለው ነጩ ክር የወረሰው የስንዴ ወይም የማሽላ ፍሬ ነው። ፍሬውን ከጀርም ሁሉ ማንጻት ያስፈልጋል፤ ለዚያ 121 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ይፈለጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ እዚህ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ድስቱ የፈለገውን ያህል ቢንተከተክ ከዚያ አያልፍም። በእንፋሎት ግፊት የሚሠራ ዕቃ፣ ንጹሕ ክፍልና የሠለጠነ እጅ ያስፈልጋል። ከበቀለ ከረጢት ጥቂት ቆንጥሮ ወደ አዲስ ጭድ ማዛመት ይቻላል፣ የሞከሩት አሉ፤ ግን አንድ ሁለት ዙር ሲሄድ ሻጋታው አብሮ እየተዋሰ ይመጣል። የሊጥ እርሾ ኮምጣጣ ስለሆነ ራሱን ይጠብቃል፤ የእንጉዳዩ እርሾ ግን ጠባቂ ይፈልጋል።

ግማሹ መልስ ግን በድስት ውስጥ አይደለም፣ በእኛ ውስጥ ነው። እንጉዳይን «የጅብ ጥላ» ብለን ስም ያወጣን ሰዎች ነን። የሌሊት አውሬ የሚጠለልበት! ይህን ስም ያወጣው ደገኛ ሞኝ አልነበረም። በዓለም ላይ ሰው የገደለ እንጉዳይ አለ፤ ከሁሉ የከፋው ከተበላ በኋላ ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ዝም ይላል፣ ከዚያ ያስመልሳል፣ ከዚያ የተሻለው አስመስሎ ጉበት ይበላል። ማፍላት መርዙን አያጠፋውም። መለየት የማያውቅ ሰው መፍራቱ ጥበብ ነው። ዛሬም በጭድ ከረጢታችሁ ላይ ያልዘራችሁት፣ መልኩ የተለየ ነገር ብቅ ካለ አትቅመሱት፤ ጣሉት።

ችግሩ ከፍርሃቱ ጋር ንቀት መምጣቱ ነው። በደቡብ ምዕራብ ደን ውስጥ የሚኖሩት ማጃንጎች እንጉዳይን በየዓይነቱ ለይተው፣ ስም ሰጥተው፣ ወቅቱን አውቀው ሲበሉ የኖሩ ናቸው። ይህ ዕውቀት በአገራችን ውስጥ ያለ ዕውቀት ነው። እኛ ግን እንጉዳይን የተማርነው ከፒዛ ላይ ነው። ከጎረቤታችን ያልተዋስነውን ከሩቅ በጣሳ ገዛን።

የብዕር ባልደረቦቼንም አልምርም። «የግል ኮሌጆች እንደ እንጉዳይ ፈሉ»፣ «ፓርቲዎች እንደ አሸን ፈሉ» ስንል ስንት ዓመታችን ነው? እንጉዳይ በአንድ ሌሊት የሚፈላ ይመስለናል። ያን ሌሊት የሚቀድሙ ስንት ሳምንታት ከላስቲኩ ውስጥ፣ ከመሬቱ ሥር፣ ከግንዱ ውስጥ የማይታይ ሥራ ሲሠራ እንደሚከርም ያየ ሰው ይህን ዘይቤ ለስድብ አይጠቀምበትም። አሸንም ክንፍ ያወጣ ምስጥ ነው፤ በአፍሪካ ውስጥ ደግሞ በኩይሳቸው ውስጥ እንጉዳይ እየዘሩ የሚኖሩ ምስጦች አሉ። እነሱ ካዛመቱት ዘር የሚወጣው እንጉዳይ ዛምቢያ ውስጥ ቆቡ አንድ ሜትር ገደማ የሚደርስ አለው። ሰው ከማሰቡ በፊት ምስጥ የቤት ውስጥ እንጉዳይ አምራች ነበር ማለት ነው። ልዩነቱ ምስጡ ብቻውን አለመሆኑ ነው። ጭዱን የሚያመጣ አለ፣ የሚያላምጥ አለ፣ አየሩን የሚጠብቅ አለ፣ ዘሩም የኩይሳው የጋራ ነው።

ኦይስተር እንጉዳይ ራሱ ወደ ሰው እጅ የገባው በመቸገር ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀርመኖች ሲርባቸው ከጫካ ግንድ ወስደው ማምረት ጀመሩ። የረሃብ ምግብ ነበር። አንድ መቶ ዓመት ዘግይቶ አዲስ አበባ ሲደርስ በላስቲክ ተጠቅልሎ የሀብታም ፍሪጅ ውስጥ ገባ። ምግቡ አልተለወጠም። የተለወጠው እርሾው በማን እጅ ያለ መሆኑ ነው።

ስለዚህ እኔን «የቤቱ ወይስ የሱቁ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ እንዲህ እመልሳለሁ።

ለድስታችሁ ከሆነ በቤት ይብቀል። ሁለት፣ ቢበዛ አራት ከረጢት፤ ሁሉም በአንድ ቀን አይሁን፣ በሁለት ሳምንት ልዩነት ይሁን፣ ያኔ የሚደርሰውም በተራ ይሆናል። በረንዳ ላይ በጥላ፣ ከአልጋ ርቆ። አስም ያለበት ሰው ካለ ይቅርባችሁ። ከከረጢቱ የሚተርፈው ጭድ ለአትክልት ማዳበሪያ ይሆናል።

ለገበያ ከሆነ ግን ከረጢት ከመግዛታችሁ በፊት ገዢ ግዙ። «እንረከብዎታለን» ያለ ሰው በስንት ቀን፣ በስንት ብር፣ ስንት ኪሎ እንደሚረከብ ይጻፍና ይፈርም። ብቻችሁን 60 ከረጢት ከምትይዙ ለስድስት ሰው አሥር አሥር ያዙ፤ ተራ አውጡ፤ ያኔ ሰኞና ሐሙስ ይኖራችኋል። እቁብና ዕድር የፈጠረ ሕዝብ ይህን ማድረግ አያቅተውም።

ከሱቅ ለምትገዙ፣ የተቆረጠበትን ቀን ጠይቁ። ላስቲኩ ያላበውን ተዉት። ቤት ስትደርሱ አውጥታችሁ በወረቀት ከረጢት አስቀምጡት።

ስለ ከተማ ግብርና ዘወትር ለሚናገሩ ባለሥልጣኖቻችን ደግሞ አንድ ነገር ብቻ። ሥልጠና ይበቃል። ምስክር ወረቀት ይበቃል። በየክፍለ ከተማው የታመነ ዘር የሚወጣበት አንዲት ንጹሕ ክፍል፣ አንድ የእንፋሎት ዕቃና አንድ የሠለጠነ ሰው አስቀምጡ። ለጎረቤት የሚዋሰው እርሾ በእኛ ከፍታና በእኛ ድስት ካልተቻለ፣ ቢያንስ ከመንደሩ ሳይወጣ በተመጣጣኝ ዋጋ ይገኝ። ዘሩ በጥቂት ሰዎች እጅ እስካለ ድረስ «በቤትዎ ያምርቱ» ማለት «በቤትዎ ይክሰሩ» ማለት ነው።

ዘንድሮ በዐቢይ ጾም እትዬ እገሊት አራት ከረጢት በረንዳቸው ላይ አስቀምጠዋል። «ለሽያጭ አይደለም፣ ለአፌ ነው» ብለዋል። አንድ ሳህን ደርሶኛል።

በዚያው ሰሞን ወረቀቷ ተመልሳ መጣች። ያው በር፣ ያው ቃለ አጋኖ፣ አዲስ የስልክ ቁጥር። እትዬ እገሊት ከገበያ ሲመለሱ አብረን ቆመን አየናት። ምንም አላሉም። እጃቸውን ዘርግተው «መምህር፣ እስቲ ያንን ቀይ እስክሪብቶ» አሉኝ። ሰጠኋቸው። «እኛው መጥተን እንረከብዎታለን!» ከሚለው ሥር በዚያ በመዝገብ ቤት እጅ ጽሑፋቸው፣ በተጠንቀቅ በቆሙ ፊደላት እንዲህ ብለው ጻፉበት። «ቁጥር የለውም። ቀን የለውም። ፊርማ የለውም። ወደ ላኪው ይመለስ።»

ስንት ዓመት ድርሰት ሳርም እንደዚያ ያለ እርማት አልጻፍኩም።